በደረስኩበት ቀን ልተኛ ወይስ እስከ ማታ ልታገል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 26 ዓመቴ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ቦርሳዬን አዝዬ ለአንድ ወር ብቻዬን ልጓዝ ነው። ከእንቅልፌ የምነሣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ አውሮፕላኑ የሚነሣው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ መንገድ ላይ አንዴ ቀይሬ ከ16 ሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። የምሄድበት አገር በስተምሥራቅ ስለሆነ ሰዓቱ ከምኖርበት በ8 ይቀድማል፤ እናም የማርፈው በእነሱ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ዕቅዴ በቀጥታ ከተማ ገብቼ ቀኑን ሙሉ ስዞር ውዬ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሬ በማግሥቱ የምወጣው ተራራ ሥር ማንጋት ነው፤ የአንድ ሌሊት ኪራይም ይተርፈኛል። ባለፈው ዓመት ወደዚያው አቅጣጫ ስሄድ ቀትር ላይ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብዬ ምሽት 1 ሰዓት ነቃሁ። ሌሊቱን ጣራ ሳይ አደርኩ፤ ሳምንቱን ሙሉም አልተስተካከልኩም። ጓደኞቼ «እንዳረፍክ ፀሐይ ላይ ውጣ፣ እስከ ማታ እንዳትተኛ» ይሉኛል። ትክክል ናቸው?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ዕድሜህ ለመጀመሪያ ልጄ ስለሚቀርብ አንተ ብልህ ቅር እንደማይልህ ተስፋ አለኝ። የጓደኞችህ ምክር ክፋት የለውም፤ ወደ ምዕራብ ለሚበር ሰው እኔም ያንኑ እመክራለሁ። አንተ ግን 8 ሰዓት ወደ ምሥራቅ ነው የምትሻገረው። በዚህ ጉዞ ላይ እንዳረፉ ፀሐይ መሞቅ የሰውነትህን ሰዓት ወደማትፈልገው አቅጣጫ ሊገፋው ይችላል። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ሒሳብ እንሥራ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሣህ። ስታርፍ ቤትህ ያለው ሰዓት ማታ 4 ነው። ይኸው 20 ሰዓት። አውሮፕላኑ ላይ አንገትህ እየወደቀ ያሸለብከውን ልቀንስልህ፤ ሁለት ሰዓት ብልህ አብዝቼልሃለሁ። ጓደኞችህ እንዳሉህ እስከ አገሩ ማታ 4 ሰዓት ሳትተኛ ልዋል ካልክ ሌላ 16 ሰዓት ይጨመርበታል፤ ያሸለብከው ሁለት ሰዓት ተቀንሶ እንኳ 34 ሰዓት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ የታወቀ ጥናት፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል። በብዙ አገሮች ሹፌር መሪ እንዳይዝ የሚከለከልበት መጠን ነው። 24 ሰዓት ሲሞላ ንጽጽሩ ወደ 0.10 ይጠጋል። አንተ እንግዲህ የፓስፖርት ሰልፍ ላይ ቆመህ ሳለ የመጀመሪያውን መስመር አልፈኸዋል። ሰካራምን ደግሞ አፉ ያጋልጠዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን ራሱንም ጭምር ያታልላል። «ደህና ነኝ» የሚለው ከልቡ ነው።

እኔም ይህን ትምህርት ለሌላው እየሰጠሁ፣ ከረጅም በረራ በወረድኩ በሁለተኛው ሰዓት ከገንዘብ ማውጫ ማሽን ብሩን ይዤ ካርዱን ትቼ ሄጃለሁ። ትዝ ያለኝ ማታ ነው።

ሰው ከበረራ ወርዶ «ደከመኝ» ሲል አንድ ድካም ይመስለዋል። የተደራረቡ ሦስት ድካሞች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። አንዱ የአውሮፕላኑ ነው፣ አንዱ ያልተተኛ እንቅልፍ ነው፣ አንዱ የሰዓት መዛባት ነው። ጄት ላግ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው።

የአውሮፕላኑ ድካም ቀላሉ ነው። የምትቀመጥበት ክፍል የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ነው፤ የአየሩ እርጥበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ዓይንህ የሚቆጠቁጠው፣ ጉሮሮህ የሚደርቀው፣ ራስህ የሚከብደው ለዚህ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ሆድህ ውስጥ ያለው ጋዝ ሩብ ያህል ስለሚሰፋ ቀበቶህ ይጠብብሃል፤ ደም ቁልቁል ስለሚወርድ ጫማህም እንዲሁ። ውኃ፣ ሻወር፣ ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ፤ ይኼኛው ድካም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይለቅሃል። ሁለቱም እግር እኩል ማበጡ አያሳስብም። አንደኛው እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ላይ ሕመምና ሙቀት ካለው፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረህና ደረትህን ከወጋህ ግን «ድካም ነው» ብለህ አትተኛበት፤ የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ሂድ። ከ4 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ጉዞ እግር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጥናት ያሳያል። ያም ሆኖ ለጤነኛ ሰው ዕድሉ ከ6,000 አንድ ገደማ ስለሆነ አትሥጋ፤ ምልክቱን ብቻ እወቅ፤ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላልና። በረራው ላይ በየሰዓቱ ተነሥተህ ተንጠራራ። የእንቅልፍ ኪኒን ውጠህ አሥር ሰዓት ሳትነቃነቅ መተኛትን አልመክርህም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ወደ ሰዓቱ።

አንጎልህ ውስጥ፣ ከዓይንህ የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ 20,000 ያህል ሕዋሳት የተሰበሰቡባት ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ቦታ አለች። የእንቅልፍህን፣ የሙቀትህን፣ የሆርሞኖችህን መውጫና መግቢያ የምትቆጣጠረው እሷ ናት። የራሷ ዙር በአማካይ ከ24 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ 24.2 ያህል። በየቀኑ ከምድር ጋር የሚያስተካክላት በዓይን የሚገባ ብርሃን ነው። ብርሃን ባይኖር ምን እንደሚመጣ ሚሼል ሲፍር የተባለ ፈረንሳዊ በራሱ ላይ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1962 የእጅ ሰዓት ሳይዝ ዋሻ ውስጥ ወርዶ ሁለት ወር ያህል ከረመ። ሊያወጡት ሲመጡ ቀኑ መስከረም 14 ነበር፤ በእሱ ቆጠራ ግን ገና ነሐሴ 20። (ቀኖቹ የአውሮፓ ናቸው።)

ዙሩ ከ24 በላይ መሆኑ ለመንገደኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ቀንን ማስረዘም ለሰውነታችን ይቀለዋል፣ ማሳጠር ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ስትበር ቀንህ ይረዝማል፤ ወደ ምሥራቅ ስትበር ያጥራል። በግምት ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ሰዓቱን በቀን አንድ ተኩል፣ ወደ ምሥራቅ የሄደ በቀን አንድ ሰዓት ያስተካክላል። ስለዚህ 8 ሰዓት ለአንተ ሳምንት ገደማ ነው። ባለፈው ዓመት «ሳምንቱን ሙሉ አልተስተካከልኩም» ያልከው ሕመም አይደለም፤ ቁጥሩ ራሱ ነው።

ጓደኞችህ የሳቱት እዚህ ጋ ነው። ብርሃን ሰዓትን ያስተካክላል ሲባል በማንኛውም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል ማለት አይደለም። የሰውነትህ ሙቀት በየሌሊቱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ከለመድከው የመነሻ ሰዓት ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ። ዘወትር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የምትነሣ ከሆነ ይህ ጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የምታየው ብርሃን ሰዓትህን ወደ ኋላ ያዘገየዋል፤ ከዚያ በኋላ የምታየው ወደ ፊት ያፈጥነዋል። አንተ የምትፈልገው ማፍጠን ነው። ታዲያ በቤትህ ከሌሊቱ 11 ሲሆን የምትሄድበት አገር ስንት ይሆናል? ቀን 7 ሰዓት። አስተውል እንግዲህ፦ ከንጋት 12 ጀምሮ እስከ ቀትር አልፎ እስከ 7 ሰዓት ድረስ የምትሞቀው ያ ደስ የሚል የጠዋት ፀሐይ ለአንጎልህ የሌሊት ብርሃን ነው። «ገና አልነጋም፣ ቆይ» ነው የሚለው። አንዳንድ ሰው በዚህ ምክንያት 8 ሰዓት ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ 16 ሰዓት ወደ ኋላ መጎተት ይጀምርና ለምን ለአሥር ቀን እንደታመመ ሳያውቀው ይመለሳል።

ባለፈው ዓመት ያደረግኸውንም በዚሁ ሚዛን እየው። መተኛትህ አልነበረም ጥፋቱ። ጠዋት፣ መሸሸግ በሚገባህ ሰዓት፣ ውጭ ነበርክ መሰለኝ። ከቀትር እስከ ምሽት 1፣ ብርሃኑ በሚጠቅምህ ሰዓት፣ መጋረጃ ዘግተህ ተኛህ። በዚያ ላይ ሰባት ሰዓት የተኛ ሰው ለሌሊቱ ምን እንቅልፍ ይተርፈዋል?

ስለዚህ ጥያቄህን እንዲህ እመልሰዋለሁ፦ ተኛ፤ ግን ጠዋት፣ ጨለማ ውስጥ፣ ጥቂት። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስትወጣ ጠቆር ያለ የፀሐይ መነጽርና ከለላው ሰፊ የሆነ ኮፍያ አድርግ። ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ እንግዳ ሲያይ ቢገረም ይገረም። በቀጥታ ወደ ማደሪያህ ሂድ፣ ታጠብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ተኛ። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃሃል፤ አንድ ሙሉ የእንቅልፍ ዙር ገደማ ነው። ስልክህን ተነሥተህ ካልሄድክ የማትደርስበት ቦታ አስቀምጠው፣ ሁለት አላርም ሙላ። በቤትህ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ላይ ነውና የምትተኛው አላርሙ ሲጮህ የት አገር እንዳለህ ላታውቅ ትችላለህ። ያ መደንዘዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ «ትንሽ ልጨምር» የሚለው ሐሳብም የሚመጣው በዚያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ተነሥተህ ፊትህን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብ እንጂ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ አትመካከር። እስከ 7 ሰዓት ቤት ውስጥ ወይም ጥላ ሥር ሁን። ሙዚየም ካለ ይህ ሰዓት ይሆነዋል፤ ግማሽ ጨለማ ነው፣ ወንበርም አለው።

ከ7 ሰዓት በኋላ መነጽርህን አውልቅና ውጣ። እስክትጠልቅ ድረስ ፀሐይዋ ያንተ ናት። ቀኑ ደመና ቢሆን እንኳ የውጭ ብርሃን ከማንኛውም ክፍል አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በማግሥቱ መስመሩ ወደ 6 ሰዓት፣ በሦስተኛው ቀን ወደ 5 ሰዓት ይቀርብልሃል፤ አምስተኛው ስድስተኛው ቀን ላይ የጠዋት ፀሐይም ወዳጅህ ትሆናለች።

«አልጋ ከየት ይመጣል?» እንደምትል አውቃለሁ። የሆስቴል አልጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ሰዓት በፊት አይሰጥም፤ ይህ ሁሉ የሰዓት ሳይንስ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። እኔ ብሆን ያለፈውን ሌሊት ጨምሬ እከራይ ነበር፣ ማለትም ልደርስ ከምችልበት ቀን በፊት ባለው ምሽት የሚጀምር ኪራይ፤ እንደምትዘገይም ቀድመህ ጻፍላቸው፣ አለዚያ ቀረ ብለው አልጋውን ለሌላ ሊሰጡት ይችላሉ። አቅም ካልፈቀደ ቦርሳህን የሚያስቀምጡልህና የእንግዶች መቀመጫ ክፍላቸውን የሚፈቅዱልህ ቦታ ምረጥ፤ የዓይን መሸፈኛ አድርገህ ሶፋ ላይ ሃያ ደቂቃ ማሸለብ ከምንም ይሻላል። ለመቆጠብ የምትሞክረው ያ የአንድ ሌሊት ኪራይ ነው የጉዞህ ጥሩ ወጪ፤ ሌላ ቦታ ቆጥብ።

ቦርሳውን ይዘህ አትዙር። አልጻፍክልኝም እንጂ የአንድ ወር ዕቃ ከ15 ኪሎ እንደማያንስ እገምታለሁ። 16 ሰዓት ተቀምጦ የደረቀ ወገብ ያን ከመሬት አጎንብሶ ማንሣት አይወድም፤ ጉልበትህን አጥፈህ መጀመሪያ ጭንህ ላይ አሳርፈው፣ ከዚያ ትከሻህ ላይ። የወገቡን ቀበቶ አጥብቅ፤ ክብደቱን መሸከም ያለበት ዳሌህ ነው። ፓስፖርትና ገንዘብ ከአንገትህ ወይም ከወገብህ የማይለይ አንድ ቦታ ይኑረው፤ ከዚያ ቦታ ውጭ «ለአንድ ደቂቃ» የትም አታስቀምጠው። በዚያ ቀን የምታምነው ልማድህን እንጂ ጭንቅላትህን አይደለም። ሞተር ሳይክልም ሆነ መኪና አትከራይ። መንገድ ስትሻገር ሁለቱንም ወገን እይ፤ መኪናው ከየት እንደሚመጣ አንጎልህ የሚገምተው በቤትህ ልማድ ነው።

ቡና ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ከጠዋቱ እንቅልፍ በኋላ። ካፌይን ከሰውነትህ ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ከቀኑ 8 ሰዓት አታሳልፈው። ድካምን አያጠፋም፤ ለድካሙ ምልክት መንገድ ይዘጋበታል እንጂ፤ ሲከፈት የተጠራቀመው ሁሉ ይመጣል። ምግብ ቀለል ያለ ይሁን። ሆድና ጉበትም የራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ በጠዋቱ እነሱ ተኝተዋል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛህና ከሌሊቱ ግማሽ ላይ ይቀሰቅስሃል፤ ለዚያ ቀን ተወው።

ማታ 4 ሰዓት ላይ ተኛ። ቀድመህ ብትወድቅም 3 ሰዓት ይሁን፣ ከዚያ በፊት አይሁን። እንቅልፍ ወዲያው ይወስድሃል፤ ችግሩ የሚመጣው ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ላይ ዓይንህ በርቶ ስትነቃ ነው። በቤትህ ምሽት 12 እና 1 ሰዓት ነው፤ ሰው በተፈጥሮው በጣም ንቁ የሚሆንበት ሰዓት። አዲስ ቦታ ላይ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ በራሱም ጥልቀት የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአንጎል ጥናት፣ በማያውቀው ቦታ የተኛ ሰው የግራ አንጎሉ ክፍል ከቀኙ ያነሰ ጥልቀት ተኝቶ ድምፅ እንደሚጠብቅ አሳይቷል። ስምንት ሰው በሚያንኮራፋበት ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚጠብቀው ብዙ ነው፤ የጆሮ መድፈኛ ያዝ። ስትነቃ ስልክህን አትክፈት፤ ብርሃኑም ወሬውም አይጠቅምህም። ጋደም ብለህ ቆይ። ዳግመኛ ባይወስድህም መጋደሙ እረፍት ነው። ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ መንቂያው እየዘገየ ይሄዳል።

ሜላቶኒን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ አንተ ባትጠይቅም ልመልስ። ይሠራል፣ በተለይ እንደ አንተ ወደ ምሥራቅ ብዙ ሰዓት ለሚሻገር። ከ0.5 እስከ 5 ሚሊግራም፣ በአገሩ ሰዓት ከመኝታ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ለሦስት አራት ሌሊት። በጠዋት ከወሰድከው ግን ሰዓትህን ያበላሽብሃል። የሚጥል በሽታ ካለብህ ወይም ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ ሐኪምህን ሳታማክር አትንካው። አንዳንድ አገር ከመደርደሪያ ላይ ይገዛል፣ አንዳንድ አገር ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም፤ ከመነሣትህ በፊት አጣራ።

አሥር ቀን አለህ፤ ይህም ዕድል ነው። ከመነሣትህ ሦስት ቀን አስቀድመህ በየቀኑ አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ ተኛ፣ አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ ተነሣ፣ እንደተነሣህም ብርሃን እይ። ሁለት ሰዓት እንኳ ብታስቀድም ያ የቀን 7 ሰዓት መስመር ወደ 5 ሰዓት ይወርድልሃል፤ ጥቅሙ በዚህ አያበቃም፣ ከሌሊቱ 8 የምትነሣበት ሌሊትም ያን ያህል አያስከፋህም።

የሌሊት አውቶቡሱን በተመለከተ አስተያየቴን አልደብቅህም፦ አልስማማበትም። ከአንድ ወንበር ወርደህ ወደ ሌላ ወንበር ነው የምትገባው፤ እግርህ እንደገና ተንጠልጥሎ ያድራል፣ እንቅልፉም እንቅልፍ አይባልም። በማግሥቱ ደግሞ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ተራራ የሚወጣ ሰው ትሆናለህ። ዳገት ላይ እግሩን የሚያስቀምጥበትን መምረጥ ያለበት ሰው በዚያ ሁኔታ እንዲወጣ አልፈቅድም፤ የእኔ ልጅ ቢሆንም እንዲሁ እለው ነበር። ሁለት ሌሊት ከተማው ውስጥ እደር፣ በሦስተኛው ቀን በቀን አውቶቡስ ሂድ፤ መንገዱንም ታየዋለህ። ትኬቱን ቆርጠህ ከሆነ ቀኑን ለማስቀየር ገና አሥር ቀን አለህና ዛሬውኑ ደውል።